ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ በተራራው ጀርባ

ከአሜሪካ ተመልሼ ደሴ ስገባ ጎረቤቶቼ የጠየቁኝ ስለ ረጃጅም ሕንጻና ስለ ሰፋፊ መንገድ ነበር። እኔ ግን በብዛት ያየሁት ላም፣ ጉምና የደረቀ ሳር ነው። ይህን ስነግራቸው የምቀልድ መሰላቸው። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ ከመነሻው ልጻፈው፤ እዚያ የመድረስ አሳብም ሆነ እድል የሌለው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አብሮኝ ይራመድ።

ደሴ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከማስተምራቸው ነገሮች አንዱ የሮማንቲክ ዘመን የሚባሉት የአውሮፓ ጸሐፊዎች በተራሮቻቸው ላይ እየተዘዋወሩ የጻፉት የጉዞ ማስታወሻ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ነፍሳቸው እንዴት እንደተናወጠች በገጽ ላይ ገጽ ይጽፋሉ። ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። የጦሳን ተራራ እየወጣና እየወረደ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ልጅ ገደል ሲያይ የሚያስበው ስለ ነፍሱ ሳይሆን እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ነው። እኔ ግን እነዚያን ጽሑፎች እወዳቸዋለሁ። ከሁሉ የምወደው የተራራውን ጫፍ ሲያወድሱ የጻፉትን ሳይሆን፣ ዝናብ መቷቸው አንዲት ባልቴት ቤት ገብተው ካልሲያቸውን እሳት ዳር ሲያደርቁ የጻፉትን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ሳን ሆዜ ይኖራል። በዲቪ ከሄደ ብዙ ጊዜው ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ የማሽን ጥገና ይሠራል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ አንድ ልጁን ሐናን ብቻውን አሳደገ። ሐና የኮምፒውተር ትምህርት ጀምራ ተወችና ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞረች። አሁን የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን የምትሠራው፣ እንደ አጋጣሚ፣ እኔ ሳስተምራቸው በኖርኩት በእነዚያው የተራራ ተጓዦች ላይ ነው። ጌታቸው ይህን ሲሰማ፣ ፈረንጅ ተራራ ወጥቶ ምን እንደተሰማው ልታነቢ ነው ወይ እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ አላት። እሷም ሻንጣዋን ይዛ ኦክላንድ ገባች። ከዚያ ወዲህ በበዓል በበዓል አጭር መልእክት ከመላላክ በቀር አልተነጋገሩም። እኔም በዚያው ሙያ ያረጀሁ ነኝና ንግግሩ ለእኔም ትንሽ ስድብ ነበር።

ሳን ሆዜ የወንድሜ ቤት ምቹ ነው፤ ችግሩ መቀመጥ ብቻ መሆኑ ነው። ጌታቸው ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እኔ ሶፋ ላይ ሆኜ በመስኮት አያለሁ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። የጋራዥ በር በራሱ ይከፈታል፣ መኪና ይወጣል፣ በሩ በራሱ ይዘጋል። አንድ ቀን እስከ ሱቅ በእግሬ ስሄድ አንዲት ሴት መኪናዋን አቁማ፣ ጠፍቶብሽ ነው ወይ ስትል ጠየቀችኝ። ደሴ ቢሆን ያን ያህል መንገድ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ ከመንገዱ ይልቅ ሰላምታው ስለሚረዝም። እግሬ አላርፍ አለ። በመስኮቱ በኩል በስተምሥራቅ ቢጫ ኮረብታዎች ይታያሉ። ወሩ ነሐሴ ነው። በነሐሴ የእኛ ተራራ አረንጓዴ ለብሶ ውሃ ሲያፈስ የእነሱ እንደ ጥር ሳር ደርቆ ይቆማል። ባየሁት ቁጥር የሆነ ነገር ያቁነጠንጠኛል።

ይህንን በስልክ ለሐና ነገርኳት። ከኦክላንድ ጀርባ ተነስቶ በኮረብታው ጫፍ ጫፍ ወደ ሳን ሆዜ የሚወርድ የእግር መንገድ እንዳለ የነገረችኝ ያኔ ነው። በእግራቸው ስለሄዱ ሰዎች እያነበበች ሁለት ዓመት መቀመጧን፣ እሷ ራሷ ግን ከአውቶቡስ ፌርማታ አልፋ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ለምን አንሄድም አልኳት። አባቷ ቤት እንደማትገባ ከነገረችኝ በኋላ ተስማማች። የምትሄደው ሳን ሆዜ ጫፍ ላይ እስካለችው ከተማ፣ እስከ ሚልፒታስ ነው፤ ከዚያ በባቡር ትመለሳለች።

ረቡዕ

ጌታቸው በመኪና ኦክላንድ አደረሰኝ። በመንገዱ ሁሉ ስለ ተራራ አንበሳ፣ ስለ እባብና ስለ ደም ግፊቴ ሲያስጠነቅቀኝ ነበር። የእጅ ባትሪና ፊሽካ ገዝቶልኛል። ሐና የምትኖርበት ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በላይ ነው። ወንድሜ ዳር ይዞ የማስጠንቀቂያ መብራቱን አበራና ቦርሳዬን አወረደልኝ። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ከዚያ ሥራ ይረፍድብኛል ብሎ ሄደ፤ ሥራ ሊገባ ገና ብዙ ሰዓት ነበረው።

ላይ ስደርስ ሐና መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። "ሄደ?" አለችኝ። ሄደ አልኳት። ሻይ ልታፈላ ገባች።

ሐና አማርኛ ትሰማለች፣ ስትመልስ ግን አብዛኛውን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም የአስተማሪ እንግሊዝኛዬን እያወጣሁ፣ ስደክም ወደ አማርኛ እየተመለስኩ ተግባባን።

ሐሙስ

ማለዳ በአውቶቡስ ወደ ኮረብታው ወጣን። ጫካው ሲጀምር ጉም ነበር። ሬድዉድ የሚሉት ዛፍ ቁመቱ አንገት ያሳምማል፤ ጉሙ ቅጠሉ ላይ ተጠራቅሞ እየተንጠባጠበ ከዛፉ ሥር ዝናብ ይዘንባል፣ አንድ እርምጃ ወጣ ሲሉ መሬቱ ደረቅ ነው። ወዲያና ወዲህ እያልኩ ይህንን ስሞክር ሐና ቆማ ጠበቀችኝ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ሽታው ሲመጣ ቆምኩ። ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የቤቴን ማገዶ አገኘሁ። ሐና እዚህ ሰው ዛፉን እንደማይወደው፣ እሳት ስለሚያፋጥን ይቆረጥ የሚሉ ብዙ እንደሆኑ ነገረችኝ። እኛ ቤት የሠራንበት፣ ያበሰልንበት ዛፍ ነውና ተቆጣሁ። ግን ደረቅ ቅርፊቱ ከዛፉ ሥር እንዴት እንደተከመረ ሳይ እነሱም እውነት አላቸው። ሁሉንም በሆዴ ያዝኩት።

በመንገድ ስለ ጽሑፏ ጠየቅኳት። ጸሐፊዎቿ ተራራ የሚወጡት ለመፍራት ነው አለችኝ። የማይጎዳህ ቦታ ቆመህ የሚጎዳህን ስታይ የሚመጣው ፍርሃት ደስታ አለው፤ እነሱ የሚፈልጉት ያንን ነው። እኛ አገር ለመፍራት ብሎ ተራራ የሚወጣ ሰው እንደሌለ፣ የምንወጣው መንገዱ በዚያ ስለሚያልፍ እንደሆነ ነገርኳት። እየሄደች አሰበችበትና፣ ታዲያ እኛ አሁን ለምንድን ነው የወጣነው አለች። 

ከሰዓት በኋላ ሐይቅ ዳር ካለ የድንኳን መስፈሪያ ደረስን። ድንኳኑን ከጓደኛ የተዋሰችው ስለሆነ የትኛው ዘንግ የት እንደሚገባ አታውቅም፤ ሁለት ጊዜ ተክለን ሁለት ጊዜ ወደቀ። በዚህ ስንጠመድ ድመት የሚያህል፣ ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነ አውሬ መጥቶ ቦርሳዬን በእጁ ከፈተ። በእጁ ነው የምለው፤ ጣት አለው። ዳቦ ቆሎዬን ከነፌስታሉ ይዞ ሄደ። ስጮህበት ዞር ብሎ አየኝና መንገዱን ቀጠለ።

አጠገባችን ልጆቻቸውን ይዘው የሰፈሩ የሜክሲኮ ባልና ሚስት ይህን ሁሉ ሲያዩ ነበር። ባልየው መጥቶ ድንኳኑን በአንድ አፍታ አቆመልን። ሚስቲቱ ባቄላ በትልቅ ድስት ጥዳ ነበርና ጠራችን። ፍልሰታን ስለምጾም ሐና ስብ ይኖርበት እንደሆነ እንድትጠይቅልኝ አልኳት። ሐና አፈረች፤ ሴትየዋ ግን ነገሩ ወዲያው ገባት። እናቷም እንዲሁ እንደነበረች ነግራን፣ ሌላ ድስት ከፍታ ለእኔ ከዚያኛው ጨለፈችልኝ። ሳን ሆዜ በእግር ልንሄድ መሆናችንን ሲሰማ ባልየው፣ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ላድርሳችሁ አለ። ሐና አመሰገነችው። ስንተኛ ብርድ ልብስ ይዛ የመጣችልን ሚስቲቱ ናት፤ ካሊፎርኒያ ይበርዳል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዓርብ

ከሐይቁ ወደ ካስትሮ ቫሊ ከተማ ስንወርድ ጉሙ ቀርቶ ፀሐይ ያዘን። የእግር መንገዱ አልቆ አስፋልት ሆነ። መኪናዎቹ በጆሯችን ሥር ያልፋሉ፣ የምንረግጠው ዳር የለም። ቀትር ላይ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት ተላቆ እንደ አፍ ይከፈት ጀመር። ሐና በፀጉር ማሰሪያዋ አሰረችልኝ፤ ጥቂት እንደሄድን ተበጠሰ። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስም ባቡር ተሳፍረን ፍሪሞንት ወረድን። ሐና ይህን እንደ ሽንፈት ቆጠረችው። እነዚያ ጸሐፊዎችም ሠረገላ ይሳፈሩ እንደነበር፣ ልዩነቱ ስለ ሠረገላው መጻፍ አለመውደዳቸው መሆኑን ስነግራት ፈገግ አለች።

ያን ቀን ያደርነው የሐና የክፍል ጓደኛ ሲምራን ቤት ነው። ቤተሰቡ ከሕንድ አገር፣ ከፑንጃብ የመጣ ነው። በር የከፈቱልን ነጭ ሻሽ ያሰሩ ሴት አያቷ ናቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም። ፊቴን ሳያዩ እግሬን አዩና እጄን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፣ ለብ ያለ ጨው ውሃ በሳፋ አመጡ፣ ጫማዬን ራሳቸው ሊያወልቁ ጎንበስ አሉ። በዕድሜ ታላቄ ናቸውና እኔ እንቢ፣ እሳቸው እንቢ፤ እሳቸው በቋንቋቸው፣ እኔ በአማርኛ። አሸነፉኝ። ራት ምስር ነበር። ከእኛ ቀይ ወጥ የሚለየው ሽንኩርቱ ጥቂት፣ ቅመሙ ብዙ መሆኑ ነው። እርጎ ሲያቀርቡልኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ተውኩ። ሲምራን ምክንያቱን ስትነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ማንጎ ልጠው ሰጡኝ።

ሐና ከሲምራን ጋር ወጥ ቤት ስታወራ ሰማኋት። ነገ ማታ ኦክላንድ እመለሳለሁ ስትል ነበር። ሲምራን አባትሽስ አለቻት። ሐና ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። እኔ ግን እንቅልፍ በቀላሉ አልወሰደኝም። ልጅቷን አባቷ ቤት አጠገብ አድርሼ መመለሷን ማየት፣ ባልነሳ ይሻል ነበር አሰኘኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት አያቲቱ የሲምራንን እናት የእግር ጉዞ ጫማ አምጥተው በሁለት ካልሲ አስገቡልኝ። ተራራው ከከተማው ቀጥ ብሎ ይነሳል። መጀመሪያ ላይ ሰው ብዙ ነው፤ የሚሮጥ፣ ውሻ የያዘ፣ ሙዚቃ የከፈተ። ከጫፉ አልፈን ወደ ደቡብ ስንታጠፍ ሰው ጠፋ፣ ላሞች መጡ። መንገዱ መሐል አንዲት ጥቁር ላም ተኝታለች። ሐና ከርቀት ቆመች። ስለ ገደልና ስለ ፍርሃት ያን ሁሉ ያነበበች ልጅ ላም ፈራች። ሄጄ ጎኗን መታ መታ አድርጌ ተነሽ አልኳት። ላሟ ተነስታ ሄደች። ሐና ስታልፍ አሁንም ከጀርባዬ ነበረች።

ጉሙ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከባሕሩ በኩል ተነስቶ ሸለቆውን ሞላ፣ ከዚያ እኛን። ሐናን በራስሽ እርምጃ ሂጂ ብዬ አስቀድሜያት ነበር። ቀና ስል የለችም። ጠራኋት። ድምፄ እዚያው አፌ አጠገብ ቀረ። በስተግራ የጠራችኝ መሰለኝና ከመንገዱ ወጥቼ ጥቂት ወረድኩ። የሽኮኮ ጉድጓድ ኖሮ ግራ እግሬ ገባበት፣ ቁርጭምጭሚቴ ዞረ፣ ወደቅኩ።

ሳሩ ላይ ተቀምጬ ምንም አላይም። ሐና የነገረችኝ ደስታ ያለው ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ የእኔው ደስታ አልነበረውም። የማስበው ያቺ ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ትሆን ይሆን እያልኩ ነበር። ጌታቸው ከሷ ሌላ ልጅ የለውም። የወንድሜን ፊሽካ አውጥቼ ነፋሁ። ደጋግሜ ነፋሁ። ሲቆይ ሐና ከጉሙ ውስጥ እየሮጠች ወጣች። ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ ከጉሙ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኳትም።

እግሬ ወዲያው አበጠ። አምቡላንስ ልጥራ አለች፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሄሊኮፕተር እንደሚልኩም ጨመረች። ለአንድ ቁርጭምጭሚት ሄሊኮፕተር አልፈልግም፣ አባትሽ ቅርብ ነው፣ እሱን ጥሪው አልኳት። የእኔ ስልክ የሚሠራው በቤቱ ዋይፋይ ስለሆነ ከቤት ሲወጣ አይሠራም። የራሷን አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ኮል ላድርግለትና አንቺ አናግሪው" አለች።

ደወለችና ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። ስልኩ ገና ከመጥራቱ ተነሳ። ድምፁ ለሁለታችንም ተሰማ።

"ሐና፣ የት ነሽ?"

እጇን መለሰች። "ተራራ ላይ" አለች በአማርኛ። "አባ፣ አክስቴ እግሯን ወድቃ... ጉም ነው፣ ምንም አይታይም።"

"አንቺስ?"

"ደህና ነኝ።"

"እንዳትነቃነቁ። መጣሁ።"

ያለንበትን በስልክ ላከችለት። ከሚልፒታስ በኩል ያለው መውጫ ከሁሉም ቀጥ ያለው ነው። ጌታቸው ከሥራ ወጥቶ እንቅልፍ ሊተኛ ሲል ነበር የደወልንለት። ሲደርስ ጉሙ እየተገፈፈ፣ ታች ያለው ከተማ ቁርጥራጩ መታየት ጀምሮ ነበር። የሆስፒታል ሸሚዙን እንደለበሰ፣ መታወቂያው አንገቱ ላይ፣ በሥራ ጫማ። እዚያ ተራራ ሥር ዘመኑን ሁሉ ኖሮ አንድ ቀን አልወጣውም። አጠገባችን ሳሩ ላይ ተቀመጠና ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ። ሐና ውሃ ሰጠችው። ጠጣ፣ መለሰላት። እግሬን ነካክቶ አልተሰበረም አለ። ከዚያ ሁለቱን ቦርሳዎች አየ፤ አንዱ ትልቅ ነው።

"ይህን ከኦክላንድ ጀምሮ የተሸከምሽው አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

ትልቁን አንስቶ አዘለው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እየተፈራረቁ ደገፉኝ፤ አንዴ ትከሻው ላይ፣ አንዴ ትከሻዋ ላይ። ስለ ጠባቸው አንዳች አልተነሳም። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ቁልቁለቱ፣ ስለ እኔ ክብደት ብቻ ተነጋገሩ።

መኪናው ውስጥ ሐና ባቡር ጣቢያው ጋ እንዲያወርዳት ለመነችው። እሺ አለ። ጣቢያው በር ላይ ዳር ይዞ ቆመ። እሷ ቀበቶዋን ፈታች፣ አልወረደችም። እሱም ውረጂ አላላትም። እኔ ኋላ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ።

"መንገዱ የት ድረስ ነበር?" አላት ወደፊት እያየ።

"ሳን ሆዜ" አለች። ቆይታ ደግሞ፣ "ቤት ድረስ።"

"የቀረው ብዙ ነው?"

"አንድ ቀን።"

"ነገ እረፍት ነኝ" አለ ወንድሜ።

ሐና ቀበቶዋን መልሳ አሰረች።

እሑድ

ስለዚህ የመጨረሻውን ቀን የሄዱት እነሱ ናቸው። ጠዋት ጌታቸው ያወጣው የስፖርት ጫማ ሳጥኑ ውስጥ የኖረ፣ ነጭ ነበር። ቅዳሴ ሲቀርበት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ጎረቤት ትናንት የወረድንበት ቦታ አደረሳቸው። እኔ በረዶ የሆነ አተር በፌስታል እግሬ ላይ አድርጌ፣ ሸሽቼው በወጣሁት ሶፋ ላይ ቀረሁ።

ሰላም ያጣ ቀን ነበር። መጥረጊያ ተመርኩዤ ከሶፋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ በሩ እላለሁ። ቢጫው ኮረብታ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ውልብ ውልብ የሚል ሰው ካለ ለማየት ዓይኔን አጠብባለሁ፤ ያን ያህል ርቀት ሰው አይታይም። መንገድ ላይ ተጣልተው እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ቢወርዱስ እላለሁ። ቀትር ላይ ጎረቤትየው ልጁን ሾርባ አስይዞ ላከልኝ፤ ልጁም የተቋረጠውን ስልኬን ከቤቱ ዋይፋይ ጋር መልሶ አገናኘልኝ። ሐና አንድ ፎቶ ልካ ነበር። ጌታቸው ከጀርባ ሆኖ ይታያል፤ ቆሞ ሳሩን ያያል፣ ኮፍያው የሷ ነው። ሌላ ጽሑፍ የለውም። ደጋግሜ አየሁት፤ ትከሻው ላይ ቁጣ ይኑር አይኑር ለማወቅ ፈለግኩ።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያው ስትቃረብ ድምፃቸውን ከፊታቸው በፊት ሰማሁ። ይከራከራሉ። ደነገጥኩ። በሩን ስከፍት ክርክሩ አንድ የብረት በር ጋ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነበረብን አልነበረብንም የሚል ሆነ። እሱ በአማርኛ፣ እሷ በእንግሊዝኛ፣ ማንም ሳይረታ እየተቀባበሉ ገቡ። ሁለቱም አቧራ ለብሰዋል። የእሱ አፍንጫ ተቃጥሏል።

ምን አያችሁ አልኳቸው። ሐና የደረቀ ወንዝ፣ ጥንብ አንሳና ጥላ የሌለው ዳገት አለችኝ። ጌታቸው ጫማውን እያወለቀ ነበር።

"ቤታችንን ከላይ አየሁት" አለ። "ሐና ናት ያሳየችኝ። እኔ ሌላ ሰፈር ውስጥ ስፈልገው ነበር።"

ሐና ያን ቀንም በድሮ ክፍሏ አደረች፤ ሰኞ በባቡር ተመለሰች። ወንድሜ ዛሬም ኮምፒውተሩ ይሻል ነበር ባይ ነው፤ አሁን ግን ለእኔ ሳይሆን ለራሷ ደውሎ ነው የሚነግራት። ምን እንደምትመልስለት አላውቅም። የጉዞዬ የመጨረሻ ቀን ስላላየሁት እዚህ ላይ ባዶ ነው። ከመመለሴ በፊት፣ እዚያ ተራራ ላይ ምን ተባባላችሁ ብዬ ለየብቻ ጠይቄያቸው ነበር። ሁለቱም የነገሩኝ ስለ መንገዱ ብቻ ነው።